ሙሾ የሌለው ፉከራ

በሜይ ወር 1994 (ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡልኝ) ከኖርዌይ አንድ የሜታል አልበም ወጣ። ባንዱ ሜይሄም ይባላል፤ አልበሙ «ዴ ሚስቴሪስ ዶም ሳታናስ»። ጊታር የሚጫወተው ኦይስታይን ኦርሴት ነው፤ አድናቂዎቹ ግን ዩሮኒመስ በሚለው የመድረክ ስሙ ነው የሚያውቁት። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ቫርግ ቪከርነስ ነው። አልበሙ ገበያ ላይ ሲውል ጊታሪስቱ ከሞተ ዘጠኝ ወር አልፎት ነበር። ቤዚስቱ ደግሞ እስር ቤት ነበር፤ ጊታሪስቱን የገደለው እሱ ስለሆነ። ኦገስት 10 ቀን 1993 ሌሊት ከበርገን ኦስሎ ድረስ ተጉዞ፣ ሰውየው ከሚኖርበት ቤት ሄዶ በስለት ወግቶ ገደለው። ራሴን ስከላከል ነው ብሎ ተከራከረ፤ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም፤ 21 ዓመት ፈረደበት። ገዳዩ ያኔ 20 ዓመቱ ነበር፣ ሟቹ 25።

የሟቹ ቤተሰቦች ድራመሩን፣ ሄልሃመር የሚባለውን፣ አንድ ነገር ለመኑት። የገዳዩን ቤዝ ከቀረጻው ላይ አውጣልን አሉት። ይኸው ነው ልመናቸው። አልበሙ አይውጣ አላሉም፤ ልጃችን የተጫወተው ላይ የገደለው ሰው እጅ አይሰማ ነው ያሉት። ድራመሩ ቤዙን እንደገና አስቀርጻለሁ ብሎ አስወራ፤ ግን አላስቀረጸም። በኋላ ሲጠየቅ፣ ገዳይና ተገዳይ አንድ ሸክላ ላይ መገናኘታቸው ተገቢ መስሎ እንደታየው ተናገረ።

እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን አልበም የሚሰማ ሁሉ ሁለቱን አንድ ላይ ነው የሚሰማቸው። እኔም ከሰሚዎቹ አንዱ ነኝ። ኮድ ስጽፍ፣ ሌሊት ሰርቨር ተበላሽቶ ስቀሰቀስ፣ ከቦሌ እስከ መገናኛ ታክሲ ውስጥ ቆሜ ስሄድ ጆሮዬ ላይ አለ። ጥያቄዬ መስማት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚል አይደለም፤ እሱ ለእኔ የልጅ ጥያቄ ነው። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፦ እንዲህ ዓይነት ሙዚቃ የሚሰማ ሰው የማን ባለዕዳ ነው? ዕዳውስ ምንድን ነው?

ይህን ስታነሱ ሁለት የተዘጋጁ መልሶች ወዲያው ይቀርቡላችኋል።

አንደኛው «ሙዚቃው ራሱ ነው ክፉ» የሚል ነው። እናቴ ከክፍሌ የሚወጣውን ድምፅ የሰማች ቀን «ልጄ፣ ይኼ ዘፈን ነው ወይስ ወፍጮ ቤት?» አለችኝ፤ እውነቷን ነው፣ ወፍጮውም አለበት። ይህ ሙዚቃ ሲጀመር ከሰይጣን ይልቅ ለፋብሪካ ነበር የሚቀርበው። የብላክ ሳባዝ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ በርሚንግሃም ውስጥ ብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠው። ከፕላስቲክ ጠርሙስ ቆብ የመሰለ ነገር አቅልጦ ሠርቶ ጣቶቹ ላይ አጠለቀና ጊታሩን ቀጠለ፤ ጣቱን እንዳያመው ቀጫጭን ክሮች ፈለገ፣ በኋላም ክሮቹን አላልቶ መቃኘት ጀመረ። የሜታል ወፍራም ድምፅ አንዱ ምንጭ ይህ የሠራተኛ ጉዳት ነው። የመጀመሪያ አልበማቸው በ1970 ወጣ። ስለዚህ «ድምፁ ርኩስ ነው» የሚለኝን ሰው በአክብሮት አልፈዋለሁ። «ሙዚቃ ሰው ይገድላል» የሚለው ክርክርም ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። በኔቫዳ ግዛት ሁለት ወጣቶች በ1985 በራሳቸው ላይ ከተኮሱ በኋላ ቤተሰቦቻቸው ጁዳስ ፕሪስት የተባለውን ባንድ «ዘፈናችሁ ውስጥ የተደበቀ መልእክት አለ» ብለው ከሰሱ፤ በ1990 ዳኛው ባንዱ ተጠያቂ አይደለም ብሎ ወሰነ። የቤተሰቦቹ ሐዘን እውነት ነበር። የፈለጉት ምክንያት ግን እዚያ አልተገኘም።

ሁለተኛው መልስ ለእኔ ዓይነት ሰው የበለጠ ይጥማል፦ «ሥራውን ከሠሪው ለይ»። ኢንጂነር ነኛ፣ መለያየት እወዳለሁ። ይህኛው ክፍል ከዚያኛው ጋር ሳይጣበቅ እንዲሠራ ማድረግ የሙያዬ ግማሽ ነው። ከመሥሪያ ቤት ተባሮ የሄደ ሰው የጻፈው ኮድ እስከዛሬ ደሞዝ ሲያሰላ አይቻለሁ፤ ኮዱ የጸሐፊውን ጠባይ አያውቅም። ብቻ አንድ ነገር አለ። እኛ ጋ እያንዳንዱ መስመር ማን፣ መቼ እንደጻፈው ይመዘገባል። ኮዱን ትጠቀማለህ፤ የማን እንደሆነ ግን ልርሳ ብትል መዝገቡ አይረሳልህም። «ሥራውን ከሠሪው ለይ» የሚሉት ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት መለየት ሳይሆን መዝገቡን ማጥፋት ነው። ደግሞ በዚህ አልበም ላይ መለያየቱ እንደ ዕቃም አይቻልም፤ ቤዙና ጊታሩ አንድ ድምፅ ሆነው ተቀይጠዋል። ለያይ የተባለ ሰው ነበር፤ አልለየም።

እና ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር፣ አብዛኞቻችን ወደዚህ ሙዚቃ የመጣነው ሥራውን ከሠሪው ለይተን ሳይሆን በሠሪው ወሬ ተስበን ነው።

ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ሙዚቃ በፍላሽ ነበር የሚዞረው። አንዱ ልጅ የሜታሊካ ፎልደር ያመጣል። ከእሱ ወደ ስሌየር ትሻገራለህ። እስከዚህ ድረስ የሚስብህ ድምፁ ነው። ብላክ ሜታል ላይ ስትደርስ ግን ዘፈኑ ብቻውን አይመጣም፤ ከመስማትህ በፊት ይተረክልሃል። «ይኼን ታውቃለህ? ዘፋኙ ራሱን ያጠፋ ነው። ጊታሪስቱ አስከሬኑን ፎቶ ያነሳው ነው። ያኛው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አቃጥሎ፣ ጊታሪስቱን ገድሎ...» ተራኪው ዓይኑ ያበራል፤ ሰሚው «አትለኝም!» ይላል። ከዚያ በኋላ ነው ፕሌይ የሚጫነው። ያ ልጅ ሙዚቃውን ሳይሆን ሬሳውን ነው የሚጋብዘው፤ ሙዚቃው ማባያ ነው።

ይህን አድናቂዎች ብቻ አይደለም ያመጡት። ገና ከጅምሩ ሞቱ ማስታወቂያ ተደርጓል። የሜይሄም የቀድሞ ዘፋኝ፣ ዴድ በሚል ስም የሚታወቀው ስዊድናዊ ወጣት፣ በኤፕሪል 1991 በ22 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። ሬሳውን ያገኘው ያው ጊታሪስቱ ኦርሴት ነው፤ ፖሊስ ከመጥራቱ በፊት ፎቶ አነሳ። ከዓመታት በኋላ ያ ፎቶ ያለፈቃድ የታተመ የኮንሰርት ቅጂ ሽፋን ሆኖ ወጣ። ቪከርነስ ደግሞ በርዙም በሚባለው የብቻ ሥራው በ1993 «አስከ» የሚል አጭር ሸክላ አወጣ፤ በኖርዌይኛ አመድ ማለት ነው። ሽፋኑ ላይ ያለው የተቃጠለው የፋንቶፍት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በአሥራ ሁለተኛው መቶ ዘመን ከእንጨት የተሠራ፣ ጁን 6 ቀን 1992 የነደደ። ከመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ጋር ለገዢው ላይተር ይሰጥ ነበር። ላይተር! ስለዚህ ነገር ሳስብ ከቃጠሎው እኩል የሚዘገንነኝ ይህቺ ላይተር ናት። እሳት የለኮሰ ሰው ቢያንስ አንድ ሌሊት ለኩሷል፤ ላይተሯን ያሳተመው ቢሮ ተቀምጦ፣ ዋጋ ተስማምቶ፣ ስንት ፍሬ እንደሚያስፈልግ ቆጥሮ ነው። (ፍትሕ ካልን ሙሉውን ነው፦ ፍርድ ቤቱ ቪከርነስን በሌሎች ሦስት አብያተ ክርስቲያናት ቃጠሎ ጥፋተኛ ሲለው፣ በፋንቶፍቱ ግን ነፃ ብሎታል። ቤተ ክርስቲያኑም በ1997 እንደገና ተሠርቶ ቆሟል።)

እዚህ ላይ እኔ ከየት ሆኜ እንደምሰማ መናገር አለብኝ። ለኦስሎ ወይም ለለንደን አድናቂ የተቃጠለ ቤተ ክርስቲያን ፎቶ የአልበም ሽፋን ሊሆን ይችላል። ለእኔ ዜና ነው። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. መጨረሻ በጅግጅጋና በአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ነደዱ፣ ካህናት ተገደሉ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ መስጊዶች ነደዱ። ያን ጊዜ ስልካችን ላይ የተቀባበልናቸው ፎቶዎችና የ«አስከ» ሽፋን አንድ ዓይነት ናቸው፤ ጥቁር ግድግዳ፣ ጭስ፣ የቆመ ምሰሶ። ልዩነቱ አንደኛውን ያየ ሰው ደረቱን ሲመታ፣ ሌላውን ያየ ሰው ቲሸርት ላይ ያሳትመዋል።

ሌላም አለ። ቪከርነስ ዘረኝነቱን ደብቆ አያውቅም፤ በ2014 የፈረንሳይ ፍርድ ቤት የዘር ጥላቻ በማነሳሳት ጥፋተኛ ብሎታል። ማለትም ይህን ሁሉ የማሰላስለው፣ ባየኝ ኖሮ እንደ ሰሚ ሊቆጥረኝ ስለማይፈልግ ሰው ነው። አንዳንድ ጓደኞቼ ይህ ራሱ በቀል ነው ይሉኛል፤ «አንተ ጥቁር ሆነህ የሱን ሙዚቃ መውሰድህ እሱን ያበሳጨዋል»። ቀልዱ ደስ ይላል፣ ግን አይሠራም። ሜታል የነጭ ርስት አለመሆኑን ለማወቅ ቪከርነስን ማብሸቅ አያስፈልግም፤ ቦትስዋና ውስጥ ቆዳ ጃኬትና የካውቦይ ባርኔጣ አድርገው የሚሰባሰቡ የሜታል አፍቃሪዎች አሉ፣ ናይሮቢም ዱማ የሚባል ባንድ በ2020 ጆሮ የሚበሳ አልበም አውጥቷል። እነሱን መስማት ይሻላል። በርዙምን እኔ አልሰማም። ይህን እንደ ጽድቅ አልቆጥረውም፤ ድምፁ ሲመጣ ሰውየው አብሮ ይመጣብኛል፣ ያኔ ሙዚቃው ያልቅብኛል። በቃ።

የሜይሄሙ አልበም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን ብዘጋ የምዘጋው ገዳዩን ብቻ አይደለም፤ የሟቹን ጊታርም ነው። ያ ጊታር ደግሞ፣ ለማያውቀው ለማስረዳት ልሞክር፣ ብርድ ያለው ጊታር ነው። ክሩ በጣም በፍጥነት እየተመታ ድምፁ ግን የቆመ ይመስላል፤ እንደ ዝናብ፣ ጠብታው ሳይሆን ጠቅላላው ነው የሚሰማው። ከላዩ አቲላ ቺሃር የሚባል ሃንጋሪያዊ ዘፋኝ አለ፤ እንደ ሌሎቹ አይጮህም፣ እያቃሰተ የሚቀድስ ቄስ ይመስላል። ይህን ስሰማ የሚሰማኝ ክፋት አይደለም፤ ፍርሃት የሚባል ነገር በሥርዓት ተሰድሮ ሲቀርብ የማየት ያህል ነው። ሲያልቅ ቀለል ይለኛል። ስንቶቻችን ያለፉትን ዓመታት በምን እንዳለፍን ይታወቃል፤ እኔ ያለፍኩት በከፊል በዚህ ነው።

እንግዲህ ዕዳው ምንድን ነው ወዳልኩት ልመለስ። ያገኘሁትን መልስ ከኖርዌይ አላገኘሁትም፤ ከኛው ቤት ነው።

እኛ አገር ሰው መግደል ተዘፍኖለት አያውቅም እንዴ? «ሰይጣናዊ ሙዚቃ» እያለ የሚገሥጸኝ አጎቴ ሠርግ ላይ ቀረርቶ ሲሰማ ዱላውን ይዞ ከመቀመጫው የሚነሳ ሰው ነው። «ገዳይ» በዘፈኖቻችን ውስጥ የሙገሳ ስም ነው፤ ሴቷ ወንዱን ስታቆላምጥ «ገዳዬ» ትለዋለች። ሽለላና ፉከራ የሞት ወሬ ናቸው፤ ማን እንደጣለ፣ ማን እንደወደቀ። ስለዚህ የኖርዌይ ልጆች ግድያን ዘፈን ውስጥ ከተቱ ብሎ መደንገጥ ለእኛ ትንሽ ያሳፍራል።

ግን ፉከራ በመንደሩ ውስጥ ብቻውን አይኖርም። ፉካሪው የሚቆጥረውን ሬሳ ሌላ ሰው ያለቅስለታል፤ ሙሾ አለ። አልቃሿ ሟቹን በስሙ ትጠራዋለች፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን ይወድ እንደነበር፣ ምን ጀምሮ ሳይጨርስ እንደሄደ፣ ማንን ጥሎ እንደሄደ ታወጣዋለች። ፉካሪውና አልቃሿ አንድ ገበያ ይውላሉ፣ ከአንድ ወንዝ ይቀዳሉ። የፉከራው ቃል ሟች ቤት ይደርሳል፤ ደም መላሽ አለ፣ ሽማግሌ አለ፣ ካሳ አለ። ፉከራ ዋጋ ያስከፍላል። የድሮው ደግ ነበር እያልኩ አይደለም፤ ያ ሥርዓት ስንት ደም እንዳፈሰሰ የሚያውቅ ያውቀዋል። የምለው፣ እዚያ ሬሳው ሁለት ድምፅ ነበረው። አንዱ ሲያሞግስ ሌላው ያለቅሳል፣ ጆሮ ያለው ሁለቱንም ይሰማል።

የብላክ ሜታል ወግ ፉከራውን ይዞ ሙሾውን ጣለ። የኛ የአድናቂዎቹን ጨዋታ አዳምጡ፤ ስለት ስንት ቦታ እንዳረፈ የሚያውቅ አለ። የኦርሴት ሸክላ ቤት ኦስሎ ውስጥ የት መንገድ ላይ እንደነበረ የሚያውቅ አለ። በኦገስት 1992 ሊልሃመር ከተማ ውስጥ የኤምፐረር ባንድ ድራመር አንድ ሰው በስለት ገድሏል፤ ሟቹ ግብረ ሰዶማዊ ነበር። ገዳዩን አድናቂ ሁሉ በመድረክ ስሙ ይጠራዋል። ሟቹንስ? «አንድ ሰውዬ» ነው። ስሙ በመዝገብ አለ፣ ግን በወጋችን ውስጥ «አንድ ሰውዬ» ሆኖ ቀርቷል። እንዲህ ሲሆን ሰውየው ሁለተኛ ነው የሚሞተው፤ የሁለተኛው ላይ እኛም እጃችን አለበት፤ ያኔ ያልተወለድነው ጭምር።

ሲሞን የሚባለው ዓይነት ጠያቂ ሁሉም ጨዋታ ውስጥ አይጠፋም፤ ይህን ሳወራ አንዱ ጓደኛዬ በጥሩ ነጥብ ያዘኝ። «ኦርሴትን አልቅሱለት ትላለህ፤ እሱ ራሱ የጓደኛውን ሬሳ ፎቶ ያነሳ ሰው አይደለም እንዴ? ፉከራውን የጀመረው እሱ ነው» አለኝ። ልክ ነው። በሞት የነገደ ሰው ሞቱ ተነገደበት። ነገር ግን ሙሾ ለጻድቅ ብቻ የሚወጣ ነገር ሆኖ አያውቅም። ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው የሟቹን ኃጢአት መዝኖ አይነሳም፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይሄዳል። የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ነበር። እናትና አባት ነበሩት። እኔ ዛሬ ከሱ በዕድሜ እበልጣለሁ፤ ሃያ አምስት ዓመት ላይ ሰው ምን ያህል ሞኝና ምን ያህል ያላለቀ እንደሆነ ገና አልረሳሁትም። ከፎቶው ነገር ተመልሶ፣ አፍሮ፣ አርባና ሃምሳ ዓመት ሞልቶት «ያኔ ምን ነካኝ» የሚልበት ዕድሜ ነው የተወሰደበት። ሙሾ የሚያወጣው ይህንን ነው።

ድራመሩ «ተገቢ» ያለውም ከዚህ ጋር ይገናኛል። ተገቢ ለማን? ለአፈ ታሪኩ ተገቢ ነው፤ ገዳይና ተገዳይ በአንድ ሸክላ፣ እንዴት ያለ ወሬ ነው! ለቤተሰቡ ግን ልጃቸውን ባስታወሱ ቁጥር ገዳዩ አብሮ እንዲገባ በር ከፈተ። በእኔ አስተያየት ልመናቸው ትክክል ነበር፣ መፈጸምም ነበረበት፤ የሙዚቃው ውበት ቢቀንስ እንኳን። ሁሉም ጓደኞቼ በዚህ አይስማሙም። ታሪክን መደለዝ ነው የሚሉ አሉ፤ ቤዙ ቢወጣ ኖሮ አልበሙ ይዋሽ ነበር፣ አሁን ግን እውነቱን ይናገራል ይላሉ። አልበሙ ግን እውነቱን በራሱ አይናገርም። ድምፅ ብቻ ነው። ማን እንደሞተ ካልተነገረህ በቀር እንደማንኛውም ቤዝ ነው የምትሰማው። እውነቱን የሚናገረው ወይም የሚያበላሸው ያጋበዘህ ሰው ነው።

ለዚህ ነው ዕዳው ሲጋበዙ ሳይሆን ሲጋብዙ የሚመጣ የሚመስለኝ። ብቻዬን ጆሮዬ ላይ የምሰማው ነገር በእኔና በፈጣሪዬ መሃል ይሁን። ለሌላ ሰው ስሰጥ ግን ተራኪ ሆኛለሁ፤ ተራኪ ደግሞ ከፉካሪና ከአልቃሽ አንዱን መምረጡ አይቀርም። ዝም ብሎ መስጠትም አለ፣ ምንም ሳይናገሩ። እሱን ሞክሬዋለሁ፤ አይሠራም። ልጁ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያገኘው ያንኑ የላይተርና የስለት ታሪክ ነው። በ2018 ፊልምም ተሠርቶለታል። አንተ ዝም ያልክበትን ፉካሪው ይሞላዋል።

መሥሪያ ቤታችን በቅርቡ የገባ አንድ ልጅ አለ። ጾም የማይገድፍ፣ ቢሮ ውስጥ ከሁላችን ቀድሞ የሚገባ። አንድ ቀን ከኢርፎኔ ያፈተለከውን ሰምቶ «ብሮ፣ ይኼ ነገር ከየት ነው የሚጀመረው?» አለኝ። ከአዮሚ ጣቶች አስጀመርኩት። ሁለት ወር ያህል በብላክ ሳባዝና በአይረን ሜይደን ቆየ፤ ከዚያ ራሱ «ስለ ኖርዌዮቹ የሚወራው እውነት ነው?» ብሎ መጣ። ምሳ ሰዓት ነበር፣ ሽሮ አዘን እየጠበቅን። አንድ ኦይስታይን የሚባል ልጅ ነበር አልኩት፤ የመድረክ ስሙን አላስቀደምኩም። ሸክላ መሸጫ ሱቅ እንደነበረው፣ ስለ ሞት ብዙ ሲያወራ እንደኖረና የጓደኛውን ሞት እንደነገደበት፣ በኋላ የራሱ እንደመጣ፣ ወላጆቹ ድራመሩን ምን ብለው እንደለመኑትና ምን እንደቀረ። ልጁ ሲሰማ ዓይኑ አላበራም። «እናቱ አለች?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። ሽሮው መጣ፣ በላን።

ቢሮ ስንመለስ ስልኬን ተቀብሎ ኢርፎኑን ጆሮው ላይ አደረገ። ስድስት ደቂቃ ያህል ምንም ሳይናገር ሰማ። ከዚያ አንዱን ጆሮ አወጣና «ቤዙ የቱ ነው?» አለኝ። ወደ ኋላ መለስነው፤ አንድ ኢርፎን ለእሱ፣ አንድ ለእኔ። ከጊታሩ ሥር ነው ያለው፣ አንዳንዴ ብቅ ይላል፣ ብዙውን ጊዜ አይለይም። «ይኼ ነው?» ይለኛል። «አይ፣ ይኼ ኦይስታይን ነው።» እንደገና እንመልሰዋለን።